አልበላም ያለው ዓሣ

«ልጄ አልበላም አለኝ» የሚለውን ስሞታ ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። እናት ታባብላለች፤ አያት በተረት እያዋዛች ታጎርሳለች፤ አባት አንዳንዴ ይቆጣል። ጉርሻው ግን ከአፍ ደርሶ ይመለሳል። በዛሬው ዝግጅታችን የምናቀርብላችሁ ታሪክ አልበላም ያለ ልጅ ሳይሆን አልበላም ያለ ዓሣ ታሪክ ነው። ውድ አንባቢያን «ደግሞ ለዓሣ!» ማለታችሁ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነበር። ታሪኩን ከባለታሪኳ አንደበት ካዳመጠች በኋላ ግን ጉዳዩ የዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ተረድታለች።

ባለታሪካችን ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ በኮምቦልቻ ከተማ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላት እናት ናት። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በኩዌት አገር በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኛነት አገልግላለች። የራሷም ሆነ የአሠሪዎቿ ስም እንዳይነሳ ስለ ጠየቀችን ፈቃዷን ጠብቀናል። ወደዚያ ስትሄድ የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቷ ላይ የቤቱ የበኩር ልጅ በተለምዶ አኳሪየም የሚባለውን የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ገዝቶ ሳሎን ውስጥ አስተከለ። ርዝመቱ ከአንድ ሰው አልጋ የማያንስ፣ ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ከባሕር የመጣ ድንጋይና ነጭ አሸዋ ያለበት ነበር። ብርቱካናማ መልክ ላይ ነጭ ቀለበት ያላቸው ሁለት ዓሦችና ሎሚ የመሰለ አንድ ቢጫ ዓሣ ይኖሩበታል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ልጁ ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሄደ። መስታወቱን የማጽዳቱም፣ ዓሦቹን የማብላቱም ሥራ ያለ ምንም ንግግር በእሷ ላይ ወደቀ።

«አንቺ ትሠሪያለሽ ብሎ ያዘዘኝ የለም» ትላለች። «ሌላ የሚሠራው ሰው ስላልነበረ ነው የኔ የሆነው።»

ወጣቱ ከመሄዱ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ አዲስ ዓሣ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ሰውነቱ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ መልኩ እንደ ብር የነጣ፣ ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ መስመር የተዘረጋበት፣ አፉ ደግሞ እንደ ወፍ ምንቃር ረዘም ብሎ የሾለ ነው። ከጀርባው ክንፍ ጫፍ አጠገብ ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለው፤ ጠላት ራሱን ከጅራቱ ለይቶ እንዳያውቅ ያሳስትበታል። የቢራቢሮ ዓሦች ቤተሰብ ሲሆን በሳይንስ ስሙ ኬልሞን ሮስትራቱስ ይባላል። ዓሣውን መጀመሪያ በሳይንስ የገለጸው ስዊድናዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነው።

ዓሣው ውብ ነው። ችግሩ አለመብላቱ ነው። እህታችን ከሱቅ የመጣውን ደረቅና ስስ ምግብ ጠዋትና ማታ ትበትናለች። ሌሎቹ ተሻምተው ይበላሉ። ባለ ምንቃሩ ግን ምግቡ በአፍንጫው ፊት ሲወርድ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን ሆነ። የቤቱ ትንንሽ ልጆች አዝነው እየመጡ ምግቡን በእፍኝ ይጨምሩለት ጀመር። በስድስተኛው ቀን ከራሱ ኋላ ያለው ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ።

እመቤቲቱ ይህን ባየች ጊዜ የተናገረችውን እህታችን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። «ዓሣው ከሞተ ዋጋው ከደመወዝሽ ይነሳል አለችኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ሲሶ ያህል ነበር። ያ ገንዘብ ደግሞ የኔ አልነበረም፤ የእናቴና የልጄ ነበር።»

በዚያው ሳምንት እናቷ በስልክ «ልጅሽ ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብላ አስቸግራኛለች» ብላ ነግራት ነበር።

ረሃብ በምግብ መካከል

የባሕር ዓሣ በመስታወት ውስጥ ምግብ እምቢ የሚልበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት «መራጭ ነው» ብለው ማለፋቸው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ጉዞው ነው። በመስታወት ውስጥ የምናያቸው የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ የሚያዙት ከነኑሯቸው ከባሕር ነው። ከዋነኞቹ አቅራቢ አገሮች ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ይገኙበታል። ባለ ምንቃሩ ዓሣም ትውልዱ ከአንዳማን ባሕር ጀምሮ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ በኩል እስከ ጃፓን ደቡባዊ ደሴቶችና እስከ አውስትራሊያ ነው። ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በአውሮፕላን ሲላክ በመንገድ ላይ ኩሱ ውሃውን እንዳይመርዘው አስቀድሞ ምግብ ይከለከላል። ስለዚህ ከሱቅ የሚደርሰው ተርቦ፣ ተንገላቶና ፈርቶ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በአንዳንድ ቦታዎች ዓሣን ለማደንዘዝ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ በኮራል ስንጥቅ ውስጥ የመርጨት ልማድ በሕግ ቢከለከልም ጨርሶ አልጠፋም። በዚህ መንገድ የተያዘ ዓሣ ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል ላዩ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ይሞታል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃው ነው። የተረፈ ምግብና የዓሣ ኩስ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ምግቡ ከባክቴሪያዎቹ አቅም በላይ ሲሆን ግን መርዙ ይጠራቀማል። የታመመ ሰው እህል እንደማያሰኘው ሁሉ በተበከለ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣም አይበላም። አይበላም ተብሎ ምግብ ሲጨመርለት ደግሞ ውሃው የባሰ ይበከላል።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ፈጣንና ጉልበተኛ ዓሦች ባሉበት ዓይን አፋሩ ዓሣ ወደ ምግቡ አይቀርብም።

አራተኛውና ዋናው አፉ ነው። ባለ ምንቃሩ ዓሣ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ በኮራልና በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ምንቃሩን እየሰደደ ትንንሽ ትሎችንና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትን ለቅሞ የሚያድር ነው። ለእሱ ምግብ ማለት በጉድጓድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ከላይ የሚበተነውን ደረቅ ቅንጣት ምግብ መሆኑን አያውቅም። አንድ ሰው ከቶ አይቶት የማያውቀው የእንጨት ፍቅፋቂ በሳህን ቢቀርብለት እንደማይነካው ማለት ነው።

እህታችን ይህን ሁሉ ያስተማራት አልነበረም። ያየችው መስታወቱን ስትወለውል ነው። «ምግቡን ትቶ ድንጋዩን ሲጎረጉር አየሁት» ትላለች። «ጉድጓድ ለጉድጓድ ይዞራል። ምንም የለም፤ ደግሞ ይሄዳል። እየተራበ ነበር እንጂ አልጠገበም። እምቢ ያለ መስሎን ነበር፤ እሱ ለካ እየፈለገ ነው።»

ቀስ በቀስ

በሰባተኛው ቀን ከቤቱ ሾፌር ጋር ለገበያ ስትወጣ ከመስታወቱ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ወደ ዓሣ መሸጫው ሱቅ ወሰደች። የሱቁ ሠራተኛ ውሃውን መርምሮ አሞኒያ እንዳለበት ነገራት። ልጆቹ በእፍኝ የጨመሩት ምግብ በአሸዋው ውስጥ በስብሶ ነበር። በዚያው ዕለት የወደቀውን ምግብ በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ስባ አወጣች። ከውሃውም ሩቡን ቀንሳ በአዲስ ጨዋማ ውሃ ተካች። ልጆቹንም «ከእንግዲህ ምግብ የምሰጠው እኔ ብቻ ነኝ» ብላ አስማማቻቸው።

ሌላም ስሕተት ታረመ። ውሃው በትነት ሲጎድል ጨዋማ ውሃ ትጨምር ነበር። ጨው ግን አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለው መሞላት ያለበት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። አለዚያ ጨውነቱ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ይሄዳል።

የሱቁ ሠራተኛ ሁለተኛ ምክር ሰጣት። ከዓሣ ገበያ ሁለት ክዳን ያለው፣ ውስጡ ለስላሳ ሥጋ የያዘ የባሕር ዛጎል እንድትገዛ ነገራት። ዛጎሉን ጥገኛ ተውሳክ ይዞ እንዳይገባ ሁለት ቀን በማቀዝቀዣ አደረቀችው፤ ከዚያም አቅልጣ ክዳኑን ከፈተችና በድንጋዩ መካከል አስቀመጠችው።

ውጤቱ ግን ያሰበችው አልሆነም። ከሁሉ ቀድሞ ቢጫው ዓሣ ደረሰ። ሁለቱ ባለ ቀለበቶችም ተከተሉት። ባለ ምንቃሩ ከድንጋዩ ጀርባ ሆኖ ተመለከተ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዛጎሉ ባዶ ሆነ።

በማግሥቱ ከወጥ ቤት ቀዳዳው ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ወንፊት ቅርጫት አመጣች። ውሃው እንዲያልፍ፣ ሌሎቹ ዓሦች ግን እንዳይገቡ አድርጋ በመስታወቱ አንድ ጥግ አሰረችው። ባለ ምንቃሩን ቀስ ብላ ወደዚያ አስገባችው። መደበቂያ እንዲሆነው አንድ ድንጋይ ጨመረችለት፤ በዚያ በኩል ያለውን መስታወትም በጨርቅ ጋረደችው። ለቢጫው ዓሣ ደግሞ ተፈጥሮው ቅጠል በል ስለሆነ በሌላኛው ጥግ ደረቅ የባሕር ቅጠል አሠረችለት። ሌሎቹ በዚያ ሲጠመዱ አዲስ ዛጎል ከፍታ በቅርጫቱ ውስጥ አኖረች።

«ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። ለዚህ ዓሣ ግን ማስጨነቅ አልሠራም። እህታችን የምትለው ሌላ ነው። «ዛጎሉን አስቀምጬ ዞር አልኩ። ቆሜ ሳየው ይደበቃል። ስለዚህ ልብስ እያጠፍኩ በሩቅ ማየት ጀመርኩ።» ሁለት ቀን ምንም አልተነካም። ያልተነካውን ማታ ማታ አውጥታ ትጥላለች፤ ጠዋት ሌላ ታኖራለች። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ምንቃሩን አስጠግቶ አንድ ጊዜ ነክቶ ተመለሰ። በማግሥቱ ጠዋት የዛጎሉ ሥጋ በዙሪያው ተለቅሞ አገኘችው። ዓሣው ወደ ቤቱ ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር።

«አለቀስኩ» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ትስቃለች። «ለዓሣ!»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው። ዛጎል በየቀኑ መግዛት አይቻልም። ለዓሣውም አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ አይበቃውም። በመጀመሪያው ሳምንት ዛጎል ብቻ ሰጠችው። ቀጥሎ በዛጎሉ ሥጋ ላይ ማይሲስ የሚባሉትን በበረዶ የሚሸጡ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት አቅልጣ ቀላቀለች። በሦስተኛው ሳምንት ሥጋውን እየቀነሰች ማይሲሱን አበዛች። በአራተኛው ሳምንት ባዶ ዛጎል ውስጥ ማይሲስ ብቻ አስቀመጠች፤ ዓሣውም ዛጎሉን ስለሚያውቀው ቀርቦ በላ። ከዚያ በኋላ ከቅርጫቱ አወጣችውና ምግቡን መርፌ በሌለው የሕክምና ስሪንጅ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ እየገፋች አበላችው። ሁለት ወር ሲሞላ ከጣቷ ላይ ይለቅም ነበር።

ሌሎች አፈ ጠንቃቆች

ባለ ምንቃሩ ዓሣ በዚህ ጠባዩ ብቻውን አይደለም። ማንዳሪን የሚባለው፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጥልፍ የለበሰ የሚመስለው ትንሽ ዓሣ ከድንጋይ ላይ ኮፔፖድ የተባሉ ለዓይን የሚያስቸግሩ ፍጥረታትን ቀኑን ሙሉ እየለቀመ ይኖራል። አዲስ በተተከለ መስታወት ውስጥ እነዚህ ፍጥረታት ገና ስላልተራቡ ማንዳሪኑ በሳምንታት ውስጥ ከስቶ ይሞታል። ዓሣውን ገዝቶ ምግቡን ከመፈለግ ይልቅ ድንጋዩ ብዙ ወራት ቆይቶ ሕይወት እስኪሞላው መጠበቁ ይሻላል።

የባሕር ፈረስ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ጥርስም ጨጓራም የለውም። የዋጠው ምግብ በውስጡ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በቀን አንድ ጊዜ መመገብ አይበቃውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ዋናተኛም ስላልሆነ ምግብ አያሳድድም፤ ጅራቱን በአንድ ነገር ላይ ጠምጥሞ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ፈጣን ዓሦች ባሉበት ቦታ ማኖር ማስራብ ነው። በዚህ ፍጥረት ዘንድ እርጉዝ የሚሆነው ወንዱ መሆኑንም አንባቢያን ሳያስገርማቸው አይቀርም። ሴቷ እንቁላሏን በሆዱ ከረጢት ታስረክበዋለች፤ እሱም ተሸክሞ ይወልዳል። ንግዱ እንዳያጠፋቸው በመታሰቡ የባሕር ፈረሶች ከአገር ወደ አገር የሚሸጡበት ሁኔታ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል።

ለትንንሽ አፎች ከሚረዱት ምግቦች አንዱ አርቴሚያ ነው። ይህ በጨው ሐይቅ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ ሲሆን እንቁላሉ ደርቆ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ከሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ብዙ እንቁላል ይሰበሰባል። ቁንጥር ታህል እንቁላል ጨዋማ ውሃ ባለበት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ አየር በቱቦ ቢያስገቡበትና ሙቀት ቢያገኝ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። አየሩ ሲቋረጥ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጫጩቶቹ ወደ ብርሃን ስለሚሰበሰቡ በዚያ በኩል ስቦ ማውጣት ይቻላል። ሆኖም ከተፈለፈሉ በኋላ የያዙት ስንቅ ቶሎ ስለሚያልቅ ወዲያው መሰጠት አለባቸው። የቆየ አርቴሚያ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ጉልበት አይሰጥም።

ነጭ ሽንኩርትም በዚህ ሙያ ስሙ ይነሳል። ጭማቂውን ምግቡ ላይ ጠብ ቢያደርጉለት የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ብለው የሚምሉ አርቢዎች ብዙ ናቸው። ቢሞከር አይከፋም። በሽታን ይፈውሳል ብሎ መተማመን ግን ስሕተት ነው።

ከመስታወቱ በስተጀርባ የነበሩ እጆች

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ አኳሪየም ራሱ ከየት እንደ መጣ ብንመረምር ታሪኩ ከሴቶች እጅ እንደማይርቅ ተረዳን። ጃን ቪልፕሬ ፓወር የተባለችው ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1794 የተወለደች የጫማ ሠሪ ልጅ ስትሆን ወደ ፓሪስ ሄዳ በልብስ ስፌት ሙያ ትተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 ለአንዲት ልዕልት የሠርግ ልብስ በመጥለፍ ታወቀች። ትዳር ይዛ በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ስትኖር የባሕር ፍጥረታትን ማጥናት ጀመረች። አርጎናውት የተባለው ፍጥረት ቅርፊቱን ራሱ ይሠራል ወይስ ከሌላ ይወስዳል የሚለውን የሊቃውንት ክርክር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1832 የመስታወት ማኖሪያ አሠርታ ፍጥረቱን በሕይወት እያበላች ተከታተለችው። ቅርፊቱን ራሱ እንደሚሠራም አረጋገጠች።

እ.ኤ.አ. በ1846 ደግሞ አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት ከባሕር ዳርቻ ኮራሎችን በማሰሮ ይዛ ወደ ለንደን ተመለሰች። ከባሕር በራቀ ከተማ ውስጥ ሕይወታቸውን ለማቆየት ውሃው አየር ማግኘት ነበረበት። በዚያን ጊዜ ፓምፕ ስላልነበረ የቤቱ ሠራተኛ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ታገላብጥ ነበር። ኮራሎቹ ለዓመታት ኖሩ። የእመቤቲቱ ስም በአኳሪየም ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ውሃውን ስታገላብጥ የኖረችው ግን «የቤት ሠራተኛ» ተብላ ብቻ ትጠቀሳለች።

ይህን ለኮምቦልቻዋ እህታችን ነገርናት። ጥቂት ዝም አለችና «ክንዷ ደክሟት ይሆናል» አለች።

ለሚያረቡና ለሚያስቡ

ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በሌላ አካባቢ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ከልጅና ከወጥ ቤት ሌላ የዓሣ መስታወት ኃላፊነት ይወድቅባቸዋል። በራሳቸው ቤት ለማርባት የሚያስቡም አሉ። ከባለታሪካችን ልምድና ከሙያው ዕውቀት የሚከተሉትን ነጥቦች አጠናቅረናል።

1ኛ. የባሕር ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ በፊታችሁ እንዲያበላው ጠይቁ። በሱቅ ያልበላ ዓሣ በቤት ይበላል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

2ኛ. ለጀማሪ የሚመረጠው በሰው እጅ የተራባ ዓሣ ነው። ብርቱካናማው ባለ ነጭ ቀለበት ክላውን ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለንግድ ሲራባ ቆይቷል። ቢጫው ዓሣም እ.ኤ.አ. በ2015 በሃዋይ በሰው እጅ ለመራባት በቅቷል። እንደነዚህ ያሉት ከሕፃንነታቸው የሰው ምግብ የለመዱ በመሆናቸው አያስቸግሩም፤ ባሕሩንም አያራቁቱም።

3ኛ. ዓሣ አልበላም ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ውሃው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ አሞኒያና ናይትራይት ደግሞ ጨርሶ መኖር የለባቸውም።

4ኛ. ምግብ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጥ። የተረፈው በዚያው ቀን ይውጣ።

5ኛ. ዓሣው ምግቡን የሚፈልገው የት እንደሆነ ተመልከቱ። ከላይ ነው? ከአሸዋ ነው? ወይስ ከስንጥቅ? ምግቡን ወደዚያ ውሰዱለት።

6ኛ. ከጉልበተኞች ለይታችሁ አብሉት። አዲሱን ምግብ ከሚያውቀው ጋር እየቀላቀላችሁ አለማምዱት።

7ኛ. ከራሱ ኋላ ሆዱ ከጎደለ፣ ጀርባውም እንደ ቢላ ከሳሳ ጊዜ የለም። በዚያን ጊዜ ሙያ ያለውን ሰው ማማከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያበላው ሰው በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ዓሣ ባይገዛ ይሻላል። እህታችን ይህን የምትናገረው ቆፍጠን ብላ ነው። «ልጁ ዓሣውን የገዛው ለመልኩ ነው። ምን እንደሚበላ አልጠየቀም። ገዝቶት ሄደ፤ ዕዳው ለኔ ተረፈ።»

ከደመወዟ የተቆረጠ ነገር አልነበረም። የተጨመረላትም የለም። ኮንትራቷ ሲያልቅ ከስሪላንካ የመጣች አንዲት ሴት ተተካች። በቋንቋ ስለማይግባቡ እህታችን ወረቀት ላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ የቀትር ፀሐይና ጨረቃ ሥላ፣ በየሥዕሉ ሥር የምግቡን መጠን በነጥብ አመልክታ መስታወቱ ጎን ለጠፈችላት። አንድ ሳምንት አብረው አበሉ። በተሰናበተችበት ቀን ዓሣው በሕይወት ነበር።

አገሯ ስትገባ ልጇ ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅቱ አያቷን እንጂ እናቷን አታውቅም። «የመጀመሪያ ቀን ዶሮ ወጥ ሠራሁላት» ትላለች። «ላጎርሳት እጄን ብዘረጋ ፊቷን አዞረች። እናቴ ልትቆጣት ስትል ተይያት አልኩ። ሳህኑን አጠገቧ አስቀምጬ ቡና ማጠብ ጀመርኩ። ሳምንት ያህል እንዲሁ ሆንኩ፤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ሌላ ቦታ አድርጌ። በስምንተኛው ቀን ራሷ መጥታ ከሳህኔ ቆረሰች።»

ይህን ስታወጋን በምግብ ቤቱ ውስጥ ምሳ የምታቀርብ አንዲት ወጣት ነበረች። ቁመቷ ከእናቷ ይበልጣል። ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አንድ ሳህን ሽሮ አምጥታ አስቀመጠችና «ብዪ እንጂ እህቴ፣ አልበላሽም እኮ» አለች።